አባቴና መምህሬ የተገናኙ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ገባችና ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ «እማ፣ ቅዳሜ ወላጅ ይምጣ ተብሏል» አለችኝ። ባለቤቴ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ካርዷን ተቀብለሽ መምጣት ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን አለው» አለ።  እሱ ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገ ሰው ነው። «ወላጅ ይምጣ» የሚለው ቃል እኔን ወዴት ይዞኝ እንደሚሄድ አያውቅም። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም ላውራችሁ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ መካነ ሰላም። ቤታችን ከከተማው ወደ ወግዲ በኩል ገባ ብሎ፣ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው። እንደኛ ያለ የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤቱ እያመላለሰ ነው የሚማረው። እኔ የተከራየሁት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ጎረምሳውን ሁሉ የሚገሥጹ፣ ብርድ ሲጠና ግን ብርድ ልብሳቸውን ገፈው የሚያለብሱ ሴት ናቸው። ያን ከተማ ሳስታውስ ዛሬም ቀድሞ የሚመጣልኝ የማለዳው ብርድ ነው። የደንብ ልብሳችንን ለብሰን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን፣ ከባሕር ዛፉ ሥር እየሮጥን ወደ ሰልፍ ስንሄድ ትንፋሻችን እንደ ጢስ ይወጣ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት እናቴ ሞተች። ጥቂት ቀን ነው የታመመችው። ጭቃውና የወንዙ ሙላት አላሳልፍ ብሎ፣ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ሊያወርዷት ሲመካከሩ አረፈች። ከእኔ በታች ወንድሜ አስናቀውና ትንሿ እህቴ ትርንጎ ነበሩ። ትርንጎ ገና «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» የምትል ልጅ ናት።

መስከረም ላይ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ ሐዘኔን ለማንም አልተናገርኩም። ከመንደራችን አብሮኝ የሚማር ሰው አልነበረም። ተማሪው ሁሉ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈ እየተሳሳቀ ሲያወራ፣ እኔ «እናቴ ሞተች» ብዬ ወሬውን ማቋረጥ አቃተኝ። በመጀመሪያው ቀን ያልተነገረ ነገር ደግሞ በማግስቱ ይብሳል፤ ከሳምንት በኋላማ ጨርሶ ከአፍ አይወጣም። ጥቁር ሸሚዜን ከደንብ ልብሴ ሹራብ ሥር እየለበስኩ፣ አንገቴ ድረስ ቆልፌ እሄድ ነበር። እውነቱን የሚያውቁት እትዬ ዘሀራ ብቻ ነበሩ።

አርብ አርብ ከሰዓት ወደ ገጠር እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ ሌላ ሰው ነኝ። ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ የሳምንቱን እህል አዘጋጃለሁ፣ ትርንጎን አጥባለሁ፣ ተረት እፈጥርላታለሁ፣ አስናቀውን እያሾፍኩበት አስቀዋለሁ። ጎረቤት ሲመጣ በሳቅ ነው የምቀበለው። እሑድ ተመልሼ ሰኞ ክፍል ስገባ ግን ከጉልበቴም ከቃሌም ምንም አይተርፈኝም። ዴስኩ ላይ ግንባሬን ደፍቼ፣ የመምህሩን ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ወራጅ ውሃ እሰማዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል እጄን ለማውጣት የምጣደፍ ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዓመት እጄ ከዴስኩ ተነስቶ አያውቅም።

ስም ጠሪያችን መምህር ጌታሁን ከወረኢሉ አካባቢ ገና መዛወራቸው ነበር። የፊተኛዋን እኔን፣ እጇን ለማውጣት የምትጣደፈዋን የሺን፣ አያውቋትም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አልቆ ካርድ ሊሰጥ ሲል ክፍል ገብተው፣ «ቅዳሜ ወላጆቻችሁን ታመጣላችሁ» ሲሉ ክፍሉ በማጉረምረም ተሞላ። በእኛ ዘንድ «ወላጅ አምጡ» ማለት ተከስሳችኋል ማለት ነበር። መምህሩ ሳቅ ብለው፣ «ልከሳችሁ አይደለም» አሉ። «እኔ የማውቀው የናንተን ግማሽ ነው። ግማሹ ቤታችሁ ነው ያለው። ወላጆቻችሁ ሲመጡ ስለ እናንተ የሚነግሩኝንም የሚጠይቁኝንም አስበው ይምጡ በሏቸው። ከተቻለ እናትም አባትም ይምጡ።»

«እናትም» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ።

አባቴ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ስንቄን ተሸክሞ መጣ። አባቴ ይመር ቁመተ ረጅም፣ ጥቂት ተናጋሪ ገበሬ ነው። ከኩታበር እስከ ዓባይ አፋፍ በሬ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ፣ ገበያ ላይ አንደበቱ የሚፈታ፣ ቢሮ ሲገባ ግን ምላሱ የሚተሳሰር ሰው። እትዬ ዘሀራ ሳሎናቸው ውስጥ መደብ ላይ እንዲያድር አነጠፉለትና እራት ቀረበ። እኔ ሰሃኑን ላጥብ ወደ ጓዳ ገባሁ። በሳሎኑና በጓዳው መሐል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው።

«አያ ይመር፣ ነገ ለመምህሩ ምን ሊሉት ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ምን እላለሁ? እሱ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ» አለ አባቴ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ዘሀራ፣ ከእርስዎ የምደብቀው የለኝም። ቤቴ ሊፈርስብኝ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ልጅቱን አምጣት እንጂ፣ ሕፃናቱ እንዲህ ይሁኑ?› ይለኛል። ውጤቷም ወርዷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገ መምህሩ ተስፋ የላትም ካለኝ ይዣት እገባለሁ።»

እጄ ውስጥ የነበረው ሰሃን እንዳይወድቅ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ይገርማችኋል፣ አባቴን አልተቀየምኩትም። የትርንጎ ፊት ነው የመጣብኝ። እውነቱን ነው አልኩ በልቤ። ግን ደግሞ ሰሃኑን እንደያዝኩ ወደ መጋረጃው ጠጋ አልኩ።

 እትዬ ዘሀራ የመለሱት ቁጣም ልመናም በሌለው ድምፅ ነበር። «በአላህ ይስሙኝ አያ ይመር። የእኔ ልጅ ሰዒድ እዚሁ ትምህርት ቤት ነበር። ወላጅ ይምጣ ሲባል ሄድኩ። መምህሩ ‹ልጅሽ ይቀራል፣ ይረብሻል› አለኝ። እኔ አፍሬ ‹እሺ፣ እመክረዋለሁ› ብዬ ተነሣሁ። ለምን እንደሚቀር አልጠየቅሁም። እሱም አልጠየቀኝም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ልጁ እንቅልፍ እንደሌለው አልነገርኩትም፤ ማን ጠይቆኝ! ቤት ገብቼ ገረፍኩት። ከዚያ ከልጆች ጋር ሆኖ በእግሩ ወደ ዐረብ አገር ጠፋ። አሁን ድምፁን በስልክ ነው የምሰማው።»

«ያ ረቢ» አለ አባቴ። እኛ ክርስቲያን ብንሆንም በኛ አገር ልብ ሲነካ ቃሉ ከየትም ይመጣል።

«እርስዎ በሬ ሊገዙ ገበያ ሲወጡ ዝም ብለው ይገዛሉ?»

«እንዴት ተደርጎ! ጥርሱን አያለሁ፣ አረማመዱን አያለሁ፣ ከማን ቤት እንደወጣ፣ ከየትኛው በሬ ጋር እንደተጠመደ እጠይቃለሁ።»

«ለልጅዎስ?»

«እንግዲያው ምን ልበለው?» አለ አባቴ።

«ነገ ሲገቡ መጀመሪያ ልጄ እንዲህ ናት ብለው ይንገሩት፤ እርስዎ የሚያውቁትን። ከዚያ እዚህ እንዴት እንደምትውል ይጠይቁት፤ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ፣ ምን እንደሚያስደስታት፣ ምን እንደሚከፋት። የማይገባ ነገር ቢነግርዎ አልገባኝም ይበሉት፣ ነውር የለውም። ሲጨርሱ ደግሞ እኔ ከቤት ምን ላድርግ፣ አንተ ከዚህ ምን ታደርጋለህ ሳትባባሉ እንዳትለያዩ። ይዘዋት የሚሄዱም ከሆነ ከዚያ በኋላ ይሁን። አብሽር፣ ኸይር ይሆናል።»

በማግስቱ ከቤት ስንወጣ አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር የሚሄደው። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል «ከማን ጋር ትቀመጣለች... ምን ያስደስታታል...» ይላል። እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ያን ጠዋት ሳስብ አሁንም ደረቴ ይሞቃል። ያ ትልቅ ሰው፣ ፈተና እንዳለበት ተማሪ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ በወላጆች ተሞልቶ ነበር። ጋቢ የለበሰው፣ ሽርጥ ያገለደመው፣ ከከተማው ነጋዴ ኮት የደረበው፣ ሁሉም ከየክፍሉ በር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ከኛ ፊት የነበሩት አባት ካርዱን ተቀብለው ሲወጡ የልጃቸውን ጆሮ ይዘው ነበር። አባቴ እያያቸው፣ «ምን ብሎት ይሆን?» አለኝ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማታ በዚህች ከተማ ላድር ነው ወይስ አላድርም።

ስንገባ መምህር ጌታሁን ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ወጡና ተማሪዎች የምንቀመጥበት ዴስክ ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። እኔን በሌላው በኩል አስቀመጡኝ። አባቴ ረጅም ስለሆነ ጉልበቱ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞረ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባቴ። ስለ የሺ እርስዎ ይጀምሩልኝ» አሉ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ... ሳቂታ ናት። ተረት አዋቂ ናት። እሷ ያለችበት ቤት ዝም አይልም። ሰው ስታጫውት ሽማግሌው ሁሉ ሥራውን ትቶ ነው የሚሰማት።»

መምህሩ አዩኝ። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ካርድ ገልብጠው ስሙን አነበቡ። «የሺ ይመር ናት፣ አይደል?»

«አዎ፣ የኔው ልጅ ናት» አለ አባቴ ግራ ገብቶት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የማውቃት የሺ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ ‹አቤት› ስትል ብቻ ነው። ሰኞ ሰኞ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው። ስጠይቃት ‹ራሴን አሞኝ ነው› ትላለች። ውጤቷ እንደሚያዩት ነው። ግን ችሎታ የሌላት ልጅ አይደለችም፤ ስትጽፍ አያለሁ።»

አባቴ ተራ በተራ እኔንና እሳቸውን አየ። እንደተመከረው «ከማን ጋር ትቀመጣለች?» አለ።

«ብቻዋን። የኋላው ጥግ። ራሷ መርጣ ነው።»

«ምን ያስደስታታል?»

«እኔም ልጠይቅዎ የነበረው ይህንኑ ነው» አሉ መምህሩ። ከዚያ በቀስታ፣ «እናቷም ይመጣሉ ብዬ ነበር። እቤት ሥራ በዝቶባቸው ነው?» አሉ።

 ከውጭ የወላጆች ድምፅ ይሰማል። አባቴ ጋቢውን ጨበጠ።

«እናቷማ... ክረምት ላይ ተለየችን።»

መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም፤ ተግሣጽ አልነበረም፣ ድንጋጤ ነበር። «ይህን ሁሉ ወር?» አሉ። «ነፍስ ይማር። ማንም አልነገረኝም።»

«አልተናገረችም?» አለ አባቴ።

«አልተናገረችም።»

አባቴ ያን ጊዜ በሙሉ ሰውነቱ ወደ እኔ ዞረ። «ቤት ስትመጣ አልቅሳ አታውቅም» አለ፣ ለመምህሩ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ። «እኔም ልጄ ጠንካራ ናት እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። የሺ እያለች ቤቴ አልጎደለም እያልኩ ለሰው እናገር ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «የሺዬ፣ እዚህ ነው የምታለቅሽው?»

 «ቤት ካለቀስኩ ትርንጎም ታለቅሳለች» አልኩ። «አንተም...»

«እኔ ምን?»

«አንተም ትሰማለህ።»

«ብሰማስ! እኔም እኮ ጎተራው ሥር እየተደበቅሁ ነው የማለቅሰው» አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። የአባቴ ጋቢ ፊቴ ላይ እንደነበረ አስታውሳለሁ። መምህር ጌታሁን ተነሥተው በሩን ገርበብ አድርገው፣ ተራ ለሚጠብቁት «ትንሽ ታገሡን» ሲሉ አስታውሳለሁ። እናቴ ከተቀበረች ጊዜ አንስቶ አባቴና እኔ አንድ ላይ ስናለቅስ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ለዚያውም ግድግዳው ላይ የሂሳብ ቀመር በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ።

ስንረጋጋ አባቴ ፊቱን ጠረገ። «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎ። ዛሬ የመጣሁት ይዣት ልሄድ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ። ሴት የለም።»

መምህሩ ስለ ትምህርት ጥቅም ይሰብኩታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰበኩትም። «ችግሩ የእውነት ችግር ነው» አሉ። «እኔ ከቤትዎ ሆኜ አላየሁትም። ግን ከመወሰንዎ በፊት እሷን ይጠይቋት።»

አባቴ ጠየቀኝ። «ትርንጎን ማን ያያታል?» አልኩት።

«እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ትርንጎ አይደለም። ስለ አንቺ ነው።»

በሕይወቴ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም ነበር። «መማር እፈልጋለሁ» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

 አባቴ ወደ መምህሩ ዞሮ፣ «እንግዲያው እኔ ከቤት ምን ላድርግ፣ እርስዎስ ከዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለ።

ተነጋገሩ። እኔም መሐላቸው ሆኜ ተናገርኩ። በየሳምንቱ መመላለሴ ቀርቶ በየሁለት ሳምንቱ እንድሄድ ተስማሙ። አባቴ «ትርንጎንና ጓዳውን ለእኔ ተዉት» አለ፤ ስንቄንም ገበያ ሲመጣ ሊያደርስልኝ ሆነ። መምህሩ ከፊት ወንበር ከአንዲት ደግ ልጅ ጋር ሊያስቀምጡኝ፣ ያመለጠኝንም ከሰዓት በኋላ ሊያስጠኑኝ፣ ለሌሎቹም መምህራን ሊነግሩልኝ ቃል ገቡ። ልንወጣ ስንል የሹራቤ አንገት ተከፍቶ ጥቁሩን ሸሚዝ አዩት። «የሺ፣ ከላይ ልበሽው» አሉኝ። «ሐዘን የደንብ ልብስ አይጠይቅም። የሚጠይቅሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።»

አባቴ በዚያው ቀን ብቻውን ተመለሰ። ከከተማው ዳር ድረስ ሸኘሁት። እንደሌላ ጊዜው «በርቺ» አላለኝም። «ሲከፋሽ ለእትዬ ዘሀራ ንገሪያቸው፣ ቤት ስትመጪ ለእኔ ንገሪኝ» ብሎኝ ሄደ። ረጅም ቁመቱ ከኮረብታው ወዲያ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት።

ሰኞ ዕለት ጥቁሬን ከላይ ለብሼ ገባሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ፣ መርየም ትባላለች፣ ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን ያዘችው። በአንድ ጊዜ አልዳንኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይድንም። ግን ያ ዓመት ሲያልቅ እጄን እያወጣሁ ነበር። ዛሬ ደሴ አንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። መርየም እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ናት።

እናንት ወላጆች የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጃችሁ ቤት ውስጥ አንድ ሰው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ልትሆን ትችላለች። ይህ ውሸታምነት አይደለም፤ ልጅ ያላትን ጉልበት የምታውለው ይበልጥ ያስፈልጋል ብላ ባሰበችበት ቦታ ነው። እናንተ የምታዩት ሳቅ ከየት ተቆርሶ እንደመጣ መምህሩ ያውቅ ይሆናል። መምህሩ የሚያየው ዝምታ ከየት እንደመነጨ ደግሞ እናንተ ታውቁ ይሆናል። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። በዋዜማው ተቀመጡና አስቡ፤ ልጁንም ጠይቁት። ካርድ መቀበል ብቻ ከሆነ ጎረቤትም ይቀበላል። እናንት መምህራን ደግሞ፣ እባካችሁ ከጠረጴዛው ወዲህ ኑ።

አባቴ ያን ቀን ምን እንደተሸከመ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። በእኛ አገር ወንድ ወደ ጓዳ ሲገባ ወሬው ከመንደር መንደር ይዘላል። «ይመር ሴት ሆነ» አሉት። ሠርግ ቤት አላገጡበት፤ አግባና ተገላገል ያለው ብዙ ነው። አንዱንም ለእኔ አልነገረኝም። ከአስናቀው ነው የሰማሁት።

አንድ አርብ ሳይጠብቁኝ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ትርንጎ አጠገቡ ተቀምጣ እያዘዘችው፣ ለቂጣ የሚሆን ሊጥ ያቦካል። ዱቄቱ ጢሙ ላይ ሳይቀር ደርሷል። ሲያየኝ ደነገጠና እጁን ሊደብቅ ፈለገ። የሚደብቅበት ግን አልነበረውም፤ ሊጡ እስከ ክርኑ ተጣብቆበታል።

«ቀጠነብኝ» አለኝ በመጨረሻ፣ እጁን አንሥቶ እያሳየኝ።

በሩ ላይ እንደቆምኩ ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ፣ ትርንጎም ተከተለች። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ለማንም ብዬ ሳይሆን የሳቅሁት ያን ቀን ነው።